ገረሱ ዓሣ ያጠመደበት ቅዳሜ

ገረሱ በመሥሪያ ቤቱ የጠፋ ፋይል በማግኘት የታወቀ ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ሲሠራ ከመደርደሪያ ጀርባ የወደቀውን፣ በስህተት ከሌላ ሰው ጉዳይ ጋር የታሰረውን፣ አይጥ ግማሹን የበላችውን ሁሉ ፈልጎ አውጥቷል። አለቆቹ «ገረሱ ያላገኘው ፋይል ድሮም አልተከፈተም» ይላሉ። እንዲህ ያለው ሰው በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሃያ ሁለት ጊዜ ሐይቅ ዳር ወርዶ አንድም ዓሣ ሳያገኝ መመለሱ ለልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እንቆቅልሽ ነበር። ለሚስቱ ለሠርካዲስ ግን ግልጽ ነበር።

«ፋይል አይዋኝም» ትላለች።

ዓሣ ማጥመድ የጀመረው በአንድ ካርቶን ስህተት ነው። ወዳጁ ዓብዱልሰላም አብነት ላይ ሱቅ አለው፤ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለምና የመጋረጃ ዘንግ ይሸጣል። ባለፈው ሰኔ ከመርካቶ ያመጣውን የመጋረጃ ዘንግ ካርቶን ሲከፍተው፣ ከሃያዎቹ ሦስቱ የዓሣ ማጥመጃ ሆነው ተገኙ። «ለጠባብ መስኮት ይሆናሉ» እያለ ሦስት ሳምንት ሊሸጣቸው ሞከረ። መጋረጃ ሲሰቀልባቸው ይጎብጣሉ። በመጨረሻ አንዱን ለራሱ አስቀረ፣ ሁለተኛውን ለገረሱ ሰጠ፣ ሦስተኛውን ጌጃ ሰፈር ልብስ ለሚሰፋው ለተሰማ አደረሰው። ገረሱና ተሰማ አብረው ያደጉ እኩዮች ናቸው። ዓብዱልሰላም በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳቸዋል፤ ነገር ግን መኪና ያለው እሱ ነው። መኪናው ትንሽ ቪትዝ ነው። ዘንጎቹ አይገቡበትም፤ ጫፋቸው በመስኮት ወጥቶ እንደ ጢም እየተወዛወዘ ይሄዳል።

ነገሩ የከረረው በሚያዝያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ገረሱ ሁለተኛ ፎቅ ካለው በረንዳው ላይ ቆሞ ክር መወርወር ሲለማመድ፣ መንጠቆው ከታች ገመድ ላይ የተሰጣ ሙታንታ ይዞ ወጣ። ሙታንታው የብሎኩ ሊቀመንበር የአቶ ሮቤራ ነበር። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ገረሱ ያጠመደው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። ሠርካዲስ ሙታንታውን ተኩሳ፣ አጥፋ፣ በላስቲክ አድርጋ ራሷ ይዛ ወረደች። አቶ ሮቤራ ወፍራም ጢማቸውን እየጎተቱ ተቀበሏት። ምን እንዳሉ አልተናገረችም፤ ስትመለስ ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ» አለች። «ይቺ ቅዳሜ የመጨረሻህ ናት። ዓሣ ይዘህ ከመጣህ ዘንጉ በረንዳው ላይ ይኑር፣ አንድ ቃል አልተነፍስም። ባዶ ባልዲ ይዘህ ከመጣህ ግን እሑድ ጠዋት ለቆራሌው እሰጠዋለሁ።»

«አሮጌ ቆርቆሮ ለሚሰበስበው?»

«ሁለት የተሰበረ ወንበርም እመርቅለታለሁ።»

ገረሱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሠርካዲስ ግን ሠላሳ ዓመት የኖረችው ከዚህ እጅ ጋር ነው።

«ደግሞ መንገድ ላይ ገዝተህ እንዳትመጣ! መንጠቆው ከአፉ ሳይነቀል ነው የማየው።»

ያን ሰሞን ቤቱ ለግንቦት ልደታ እየተዘጋጀ ነበር። በዓሉ የሚውለው ከዚያች ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ዓርብ ነው፤ ሠርካዲስ በየዓመቱ ለብሎኩ ሁሉ ንፍሮ ትቀቅላለች። የዘንድሮው ሽምብራ ይበስል እንደሆነ ልትሞክር ዓርብ ማታ በትንሽ ድስት ቀቀለች። ቅዳሜ ጠዋት ድስቱ ትንሽ ጎድሎ አገኘችው። ገረሱ ርቦት ይሆናል ብላ አለፈችው።

ርቦት አልነበረም።

ቆቃ ሐይቅ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሙቀቱ ውሃው ላይ ተኝቶ አይነቃነቅም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል። ሦስቱ ሰዎች የሚቀመጡበት ዳርቻ ላይ ያለው ግራር አንድ ነው፣ የግራሩም ጥላ የአንድ አልጋ ስፋት አለው። ሦስት የፕላስቲክ ወንበር እዚያች ላይ ደረደሩ። ጉልበታቸው ይነካካል። ጥላው ፈቀቅ ባለ ቁጥር ከነወንበራቸው ተነሥተው ሁለት እርምጃ ይሄዱና ይቀመጣሉ። ሐይቁ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሰፊ ነው፤ እነሱ ግን ክራቸውን የሚጥሉት አንድ ሳፋ በምታህል ቦታ ላይ ነበር። ሦስት ቡሽ እዚያች ላይ ተጠጋግተው ይንሳፈፋሉ።

«ዝም በሉ» አለ ገረሱ። «ዓሣ ይሰማል።»

«ማን አወራ?» አለ ተሰማ።

«ወንበርህ።»

«ወንበሬን ተወው። ይልቅ ይህ ሽታ ምንድን ነው?»

ሽታው ከዓብዱልሰላም ላስቲክ ነበር። ከሱቁ ጎን ያለው ዶሮ ሻጭ የሰጠውን የዶሮ አንጀት ከአዲስ አበባ ጀምሮ በመኪናው ወለል ላይ ይዞት መጥቷል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ዓሣ የሚመጣው በሽታ ነው» አለ ዓብዱልሰላም። «እርስዎ ምን ሰኩ?»

ተሰማ ከኪሱ የልብስ ሳሙና ቁራጭ አወጣ።

«ሳሙና?»

«ዓሣ ሳሙና ይወዳል። ከታመነ ሰው ነው የሰማሁት።»

«ከማን?»

«ሳሙና ከሚሸጥ ሰው።»

ገረሱ የእሱን አላሳየም። ጀርባውን ሰጥቷቸው ከሸሚዝ ኪሱ ሁለት ሽምብራ አውጥቶ መንጠቆው ላይ ሰካ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ቡሾቹ እንደ ተቸነከሩ ናቸው። ገረሱ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ተሰማ አየው።

«ምን አልክ?»

«አንተን አይደለም። ልደታን ነው።»

«ምን አልካት?»

«አንድ ዓሣ ብቻ ስጪኝና ለዓርቡ በዓልሽ አንድ እሽግ ጧፍ አገባለሁ አልኳት።»

ተሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲያውስ እኔም» አለ። «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ዓሣውን ለእኔ ካደረግህልኝ በእጄ የሰፋሁት መጋረጃ አገባልሃለሁ።»

«መጋረጃ?» ገረሱ ወንበሩ ላይ ዞረ። «ጧፍ ብዬ ስጀምር አንተ መጋረጃ ትላለህ? ትጫረትብኛለህ?»

«እኔ ምን አገባኝ ከአንተ ጋር! እኔ የገብርኤል ነኝ።»

«እሳት ላይ የምጣደው እኔ ነኝ! ዘንጌ ነው ለቆራሌው የሚሄደው!»

«ታዲያ ጨምራ።»

ሁለቱም ወደ ዓብዱልሰላም ዞሩ።

«እኔ ውል አልገባሁም» አለ ዓብዱልሰላም። «ዝም ብዬ ነው የለመንኩት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገረሱ ስለቱ ላይ ጥላ ጨመረ፤ ዘርፍ ያለው፣ ቀይ፣ ትልቅ።

«ጋሼ፣ ጥላውን ዛሬ ይዘውት ቢመጡ ኖሮ ለሁላችንም ይበቃን ነበር» አለ ዓብዱልሰላም፤ ግማሽ ፊቱ ፀሐይ ላይ ቀርቶበት ነበር።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ምንጣፍ ጨመረ። ተሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ምንጣፍ አትፈልግም። ባለፈው ዓመት አራት ገብቶላታል። እኔ ነኝ ዳሩን የሰፋሁት።» እሱ መጋረጃው ላይ ቆሞ አንዲት ክር አልጨመረም። ልብስ ሰፊ ነው፤ በዋጋ መጽናት ያውቃል።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ አለች፣ ጥላው ረዝሞ ከሁሉም አለፈ፣ ሙቀቱ ግን ባለበት ነበር። ገረሱ ባልዲውን አየ። ባልዲው ደረቅ ነው፤ አንድ ዝንብ ግርጌው ላይ ይዞራል። እሑድ ጠዋት ከብሎኩ ሥር «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸ። ሊሳል የሚችለውን ሁሉ በልቡ ፈተሸ። ቴሌቪዥኑ የሠርካዲስ ነው። ፍሪጁ የሠርካዲስ ነው። አልጋው የጋራ ነው። በእርግጥ የእሱ ብቻ የሆነ ነገር በዓለም ላይ አንድ ነበር፤ እሱንም በእጁ ይዞታል።

«ልደታ!» አለ ጮክ ብሎ። «ስጪኝና ይህን ዘንግ ራሱን አገባልሻለሁ!»

«ሰምቻለሁ» አለ ተሰማ።

«እኔም ምስክር ነኝ» አለ ዓብዱልሰላም።

ገረሱ የተናገረው ነገር የገባው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው። ዘንጉን ከቆራሌው ለማዳን ዘንጉን ተስሏል።

«ቆይ» አለ። «ቆይ፣ እሱን እንኳ…»

ሦስቱም ቡሾች በአንድ ጊዜ ሰመጡ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ወንበሮቹ ወደ ኋላ ወደቁ። ሦስት ዘንግ ጎበጠ፣ ሦስት ሰው ጮኸ፤ አንዱ «ልደታ!»፣ አንዱ «ገብርኤል!»፣ አንዱ «ያ ረቢ!» ይላል። አባ ኮዳዎቹ ገለል አሉ። ተሰማ ወደ ግራ ሲጎትት ገረሱ ወደ ቀኝ ይሳባል፤ ዓብዱልሰላም ሲሮጥ የሁለቱ ክር አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። ከብዙ ትግል በኋላ ከውሃው ውስጥ እንደ ሰፈር የመብራት ሽቦ የተተበተበ የክር ኳስ ወጣ፤ ከኳሱ ሥር አንድ አምባዛ ተንጠልጥሏል።

አምባዛው የክንድ ርዝመት አለው። ራሱ ጠፍጣፋ፣ ቆዳው ጥቁርና ለስላሳ ነው። ረጃጅም ጢሞች አሉት፤ ከግራዎቹ አንዱ ግማሹ ላይ ተቆርጧል። ጭቃው ላይ ተኝቶ ሦስቱን ሰዎች ተራ በተራ ተመለከታቸው።

«የእኔ ነው!» አለ ገረሱ።

«የእኔ ነው!» አለ ተሰማ። «ገብርኤል ፈጣን ነው!»

መንጠቆው አፉ ውስጥ ነበር፤ ግን የማን መንጠቆ? ሦስቱም መንጠቆ የገዙት ከዓብዱልሰላም ሱቅ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ክሩን ተከትሎ መድረስም አልተቻለም። ተሰማ፣ በሙያው ክር ያውቃልና፣ ተንበርክኮ ትብትቡን ለመፍታት ሞከረ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጣቶቹ አብረው ታሰሩ።

«ዓብዱልሰላም ይፍረድ» አለ ገረሱ። «እሱ አልተሳለም። ገለልተኛ ነው።»

«ይፍረድ» አለ ተሰማ፣ ጣቱን እየጎተተ።

ዓብዱልሰላም የወደቀ ወንበር አንሥቶ ተቀመጠ። አንድ እግሩን በሌላው ላይ ጫነ። ፊቱን አኮሳተረ።

«ጋሽ ተሰማ ሳሙና ሰክተዋል። እኔ አንጀት ሰክቻለሁ። ጋሽ ገረሱ፣ እርስዎ ምን ሰኩ?»

ገረሱ አፈረ። «ሽምብራ።»

«ጥሬ?»

«የተቀቀለ። የሠርካዲስን።»

«የልደታን ንፍሮ?» ተሰማ ደነገጠ። «ለዓሣ?»

«ለሙከራ የቀቀለችው ነው! ገና በዓሉ አልደረሰም!»

«ዝም በሉ» አለ ዓብዱልሰላም። «ችሎት ነው። ዓሣው ይናገር።»

ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። አምባዛው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላ ጊዜ ከፈተ። ከዚያም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አንድ በደንብ የበሰለ ሽምብራ ጭቃው ላይ ተፋ።

«ተፈርዷል» አለ ዓብዱልሰላም። «የልደታ ንፍሮ በልቷል። የጋሽ ገረሱ ነው።»

ገረሱ እጁን ዘርግቶ ዘለለ። ከሃያ ሁለት ባዶ ቅዳሜ በኋላ ነው፤ ቢዘል አይፈረድበትም። ሲወርድ ተሰማ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር።

«እንግዲህ ዘንጉን» አለ ተሰማ። «ለዓርብ።»

የገረሱ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ዘንጉን አየ፣ ዓሣውን አየ፣ ተሰማን አየ። ከዚያም ዓሣው አጠገብ ተንበርክኮ አሸተተው።

«ተሰማ፣ ወንድሜ፣ ና እስቲ። እውነት እውነት ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«አይልም!»

«አሽትተው። የአንተ ነው። ውሰድ። እኔ አልቀየምም።»

«ቅርፊት የለውም!» ተሰማ ሁለት እርምጃ ሸሸ። «እይ፣ ልሙጥ ነው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእኛ አይበላም። ገብርኤል እንዲህ ያለ አይሰጠኝም።»

«ልደታስ ትሰጠኛለች?»

«አንተ ዓሣ አልካት፣ ዓሣ ሰጠችህ። ቅርፊት አላልክም።»

ገረሱ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። የመዝገብ ቤት ሰው አእምሮው ነገሩን በሁለት ፋይል ከፈለው። ዓሣው የተሰማ ነው ካለ፣ ባዶ ባልዲ ይዞ ይገባል፤ ዘንጉ እሑድ ለቆራሌው ይሄዳል። ዓሣው የእኔ ነው ካለ፣ ዘንጉ ዓርብ ለልደታ ይሄዳል። በሁለቱም ፋይል መጨረሻ ላይ ዘንግ የለም። ልዩነቱ ባልዲው ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት ጊዜ ያንን ደረጃ ባዶ ባልዲ ይዞ ወጥቷል፤ አቶ ሮቤራም ሃያ ሁለት ጊዜ በመስኮት አይተውታል።

«ባልዲውን አምጣልኝ» አለው ዓብዱልሰላምን። «ውሃ ሙላበት።» ክሩን በጥርሱ በጠሰው፤ መንጠቆውን ግን አልነካውም።

ቤት ሲደርስ ሠርካዲስ ምስር እየለቀመች ነበር። ባልዲው በላስቲክ ተሸፍኗል። ገረሱ ፊቷ አስቀመጠው። ላስቲኩን ገለጠች፤ ጮኸች፤ መለሰችው። ትንሽ ቆይታ በአንድ ጣቷ ጫፉን ብቻ ገለጠች።

«ሕያው ነው» አለች።

«መንጠቆውን እይ።»

አየችው። መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ነበር። ሠርካዲስ ቃሏን የምታከብር ሴት ናት።

«እሺ» አለች። «ዘንጉ በረንዳው ላይ ይኑር።»

«አይኖርም።»

«እንዴት?»

«የእኔ አይደለም። የልደታ ነው።» ነገራት።

ሠርካዲስ ምስሩን አስቀመጠች። «ዘንጉን? ጥላ አይበቃም ነበር?»

«ጥላ ብዬ ነበር። አልሰማችኝም።»

«በፋሲካ ማግሥት፣ በሃምሳው፣ ሰው ሁሉ ሥጋ በሚበላበት ጊዜ፣ ልደታ ማርያም ለአንተ ዓሣ ጊዜ የሚኖራት መሰለህ?»

«ይኸው እኮ ሰጠችኝ!»

ባልዲውን እንደገና አየችው። ከዚያም ዓይኗ ጠበበ።

«በምንድን ነው ያጠመድከው?»

«በሽምብራ።»

«በማን ሽምብራ?»

ያ ምሽት በገረሱ ቤት ጸጥ ያለ ምሽት ነበር።

እሑድ ጠዋት ቆራሌው ሲጣራ ሠርካዲስ የተሰበሩትን ሁለት ወንበሮች ብቻ አወረደች። አምባዛውን ቅርፊት ስለሌለው አትሠራውም፤ ሕያው ሆኖ እያየችው ልትጥለውም አልቻለችም። ከተሰማ በተዋሰችው መቀስ መንጠቆውን አወጣችለት፣ መታጠቢያ ቤት ትልቁ ሳፋ ውስጥ አኖረችው። ሰኞ ቀን አንድ ሽምብራ ጣለችለት፤ ዋጠው። ሁለት ጣለች፤ ሁለቱንም ዋጠ። ማክሰኞ ውሃ በጠፋበት ቀን ከበርሜሉ ለገረሱ መታጠቢያ አንድ ጆግ፣ ለዓሣው ደግሞ ሁለት ጆግ ቀዳች። ረቡዕ የብሎኩ ሴቶች ሊያዩት ተሰለፉ። በጢሙ ምክንያት «ሊቀመንበሩ» የሚል ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። ሐሙስ አቶ ሮቤራ ራሳቸው ስለ ደረጃ ጽዳት ሊናገሩ ሲመጡ፣ ሠርካዲስ ከመታጠቢያ ቤት ውስጥ «ሊቀመንበሩ ዛሬ ሆዱን አሞታል መሰለኝ፣ ሲገለባበጥ ነው ያደረው» ስትል ሰሙ። ጢማቸውን ዳሰሱ። ስለ ደረጃው ምንም ሳይናገሩ ወረዱ።

ዓርብ ግንቦት ልደታ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቷል። ገረሱ ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ አስረከበ። ከሰዓት በኋላ የስለት ዕቃዎች ጨረታ ተጀመረ። የሌሎች ሰዎች ጥላ፣ ምንጣፍ፣ አንድ ፍየልም ተሸጠ። ከዚያ ማይክሮፎን የያዙት አጫራች ጨርቁን ገልጠው ዘንጉን ወደ ላይ አነሡት፤ ጫፉ ጎበጠ።

«ይህ…» አሉ፣ «ይህ የመጋረጃ ዘንግ ነው። ክሩም አብሮ ነው። ለመስኮት፣ ለበር፣ በረከት ያለው!»

ገረሱ ወደ መሬት አየ። የሰጠውን ስለት መልሶ መግዛት ያሳፍራል። ተሰማ ግን ለዚህ ቀን ተዘጋጅቷል፤ ለወዳጁ በስውር ሊገዛለት ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ እጁን አወጣ። ከግንቡ ወዲያ በኩል አንድ የሴት ድምፅ ጨመረ። ተሰማ ጨመረ። ሴትዮዋ ጨመረች። ተሰማ ተናደደ፤ «የመጋረጃ ዘንግ የቸገራት ይህቺ ማን ናት?» አለ። በዋጋ መጽናት የሚያውቀው ሰው አራት ጊዜ ጨመረ። አምስተኛው ላይ ኪሱን ዳሰሰና እጁን አወረደ። አጫራቹ «ለማርያም ስም! ሄደ!» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ከግንቡ ወዲያ ሠርካዲስ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዘንጉን ተሸክማ ወጣች።

ገረሱ አፉን ከፍቶ፣ ልክ እንደ አምባዛው፣ ቀረ።

«ሠርኬ» አለ። «ለእኔ?»

«ለአንተ ማን አለ? የእኔ ነው። በልደታ ፊት የገዛሁት።» ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»

«የት?»

«ሊቀመንበሩን ወደ ቤቱ እንመልሳለን። ደግሞ ሃያ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ምን ላይ አፍጥጠህ እንደምትውል ማየት አለብኝ።»

ቅዳሜ ቪትዟ ውስጥ ሠርካዲስ ከፊት ተቀመጠች፣ ባልዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሦስቱም ዘንጎች በመስኮት ወጥተዋል፤ ገረሱ ግን ዘንግ የለውም። የያዘው የንፍሮ ላስቲክ ነው። ቆቃ ከባለፈው ቅዳሜ የባሰ ይሞቅ ነበር። ሠርካዲስ ባልዲውን ውሃው ዳር አዘንብላ «ሂድ፣ ደህና ሁን፣ ሁለተኛ ሰው እንዳይዝህ» አለችው። አምባዛው ጢሙን አወዛወዘና ጠፋ። ከዚያ ከግራሩ ሥር ሄዳ የአልጋ ስፋት ባለው ጥላ መሐል ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ሦስቱ ወንዶች ፀሐይ ላይ ቆሙ። ማንም አልተቃወመም።

«አወራወሩ እንዲህ ነው» አለ ገረሱ። «መጀመሪያ ክንድሽን…»

«ዝም በል። ዓሣ ይሰማል ብለሃል።»

ሁለት ሽምብራ ሰካች። ወረወረች። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ቡሹ ሰመጠ። ሠርካዲስ አልጮኸችም፣ አልተሳለችም፤ ድስት ከእሳት እንደሚያወርድ ሰው በዝግታ ሳበችው። ወደ ጭቃው የወጣው የክንድ ርዝመት ያለው አምባዛ ነበር። ከግራ ጢሞቹ አንዱ ግማሹ ላይ ተቆርጧል።

«አንተ!» አለች ሠርካዲስ። «ገና አሁን አይደለም እንዴ የሸኘሁህ?»

ዓብዱልሰላም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ተሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ስለቱም አይደለም ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ንፍሮው ነው?»

«ስለቱንም ንፍሮውንም ለልደታ ተወው» አለች ሠርካዲስ። መንጠቆውን አወጣችና ሊቀመንበሩን በድጋሚ ሸኘችው። ሁለት ሽምብራ ሰካች፣ ወረወረች፣ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ገረሱ ባዶውን ባልዲ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ቡሹን ያያል፣ ዘንጉን ያያል። የዘንጉ እጀታ የእሱ ጣቶች ያረፉበት ቦታ ላይ ፈዝዟል።

«ሠርኬ» አለ በመጨረሻ፣ «እስቲ ለአንድ ጊዜ ብቻ…»

«ተሳል» አለች ሳትዞር።

ገረሱ ሁለቱን ወዳጆቹን አየ። ሁለቱም ወደ ሐይቁ ዞሩ።

«ለአንድ ሳምንት ዕቃ አጥባለሁ» አለ።

ሠርካዲስ ቡሹን እያየች ነበር።

«ጨምር» አለች።